ጀርመን ያለውን ቤቴን ደሴ ሆኜ እንዴት ልልቀቅ?

ሰላም ናችሁ? እናቴ ታማብኝ ከፍራንክፈርት ደሴ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አልመለስም፤ የተከራየሁትን ቤት መልቀቅ አለብኝ። ለአከራዩ በኢሜይል ጻፍኩ። «በእጅ የተፈረመ ወረቀት ካልደረሰኝ አይሆንም» አለ። ሕጋቸውም እንደዛ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ 3 ወር ነው፤ ደብዳቤው ወሩ በገባ እስከ 3ኛው የሥራ ቀን ካልደረሰ ደግሞ ያ ወር አይቆጠርም። እኔ እዚህ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ለባዶ ቤት እከፍላለሁ! እማዬ «ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ መውጣት ነው እንጂ» ትላለች። ወይ እማዬ!

ጓደኛዬ እዚያው አለች። የፈረምኩበትን ውክልና በፖስታ ብልክላት በስሜ ፈርማ ማስገባት ትችላለች? ቁልፍ ስታስረክብስ ምን ታስፈርመው? ማስያዣዬ የ3 ወር ኪራይ ነው፤ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። የደረሰበት ሰው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።