ጥቆማ፦ ከትራምፔት ፊት ለሚቀመጥ የትኛው የጆሮ መሰኪያ ይሻላል?

ባለቪዮላዋ፦ ኦርኬስትራ ውስጥ ቦታዬ ከትራምፔቶቹ ፊት ነው። ከልምምድ በኋላ ጆሮዬ ሲጮህ ያመሻል። የስፖንጅ መሰኪያ ሞክሬ የራሴን ቪዮላ መስማት አቃተኝ። በጆሮዬ ልክ ላሠራ ወይስ ዝግጁውን ኢቲሞቲክ ኢአር 20 ልግዛ?

ባለቫዮሊኑ፦ በልክ የሚሠራውን ነዋ! ድምፅን በ15 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሚቀንሰውን ማጣሪያ ማድረግ ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ። ሌላ አልነካም። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይበላል፤ ታፍኖ የሚሰማሽ ለዚያ ነው። ይሄኛው ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርጋል።

ባለሆርኗ፦ እኔ በልክ አሠርቼ ተቆጭቻለሁ። የጆሮዬን ቅርጽ ሲወስዱ አፌን ዘግቼ ነበር። ስነፋ መንጋጋዬ ይንቀሳቀሳል፣ መሰኪያው ይላላል። ሁለቴ መለስኩት። «ልክ ነው» አሉኝ። ኮንሰርት መሃል ግራው ወደቀ።

ባለክላሪኔቱ፦ የኔ ደግሞ አጭር ሆኖ፣ ስነፋ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚያስተጋባው።

ባለሆርኗ፦ እሱን አታንሳብኝ! ለኛ ለምንነፋው ጠለቅ ብሎ መግባት አለበት። ቅርጹም አፍ ተከፍቶ ነው መወሰድ ያለበት። ማን ነገረን?

ባለፒኮሎዋ፦ ቀኙን ብቻ ባደርግስ? የሚያመኝ እሱ ነው።

ባለቫዮሊኑ፦ የኛ ግራው ነው። ለማንኛውም በልክ ይሠራ።

ባለቲምፓኒው፦ ጎበዝ፣ የጠየቀችው ባለቪዮላ ናት። ቪዮላ ደግሞ የክር መሣሪያ ነው፣ አይነፋም።

ባለቼሎዋ፦ እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት የመስማት ምርመራ አድርጊ። ጆሮሽ የሚጮኸው ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል። ጆሮ እንዳይጎዳ የተለመደው ገደብ በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ነው። በልክ ካሠራሽ 9፣ 15 ወይም 25 የሚቀንስ ማጣሪያ እየቀያየርሽ መክተት ትችያለሽ። ዝግጁውም ከምንም ይሻላል። የትኛውንም ግዢ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻሽን ተለማመጂበት፤ ጆሮ ቶሎ አይለምደውም።

ደግሞ በመሰኪያ ብቻ አትተማመኚ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ሮያል ኦፔራ ሃውስ፣ በዋግነር ኦፔራ ልምምድ ላይ፣ እንዳንቺ ከትራምፔቶች ፊት የተቀመጠ ቪዮላ ተጫዋች ጆሮው ተጎዳ። እስከ 28 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ነበረው። ኦፔራ ቤቱን ከሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ረታ። ኃላፊዎቹን ቦታ እንዲቀይሩሽ ወይም ትራምፔቶቹን ከፍ ባለ መድረክ ላይ እንዲያደርጓቸው ጠይቂ።

ባለቫዮሊኑ፦ ባለ 15ቱን ያዢ፣ አትጸጸቺም።

ባለቪዮላዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቦታውን ጉዳይ ነገ አነሳዋለሁ። ባለሆርኗ፣ የወደቀው መሰኪያሽ መጨረሻው ምን ሆነ?

ባለሆርኗ፦ ሌላ ቦታ ሄጄ፣ አፌን ከፍቼ እንደገና አሠራሁ። እስካሁን አልወደቀም።