የክረምቱ የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ልጆች። ወጣቱን ከሱስ ለመጠበቅ ለወረዳው የምናስገባው ዕቅድ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። አራቱ ክበቦች የላካችሁትን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ሰኔ 19 ዓለም አቀፉ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ስለሆነ ጠዋት የእግር ጉዞ፣ 200 ቲሸርት፣ ባነርና ባንድ ይላል። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

የኮልፌው ተወካይ፦ መቀነስ ይሻላል። አምና በጫት ቤቶቹ በር ስናልፍ ቃሚዎቹ በመስኮት አጨበጨቡልን። ሁለቱ ቲሸርት ለምነው ወሰዱ፤ ዛሬም ለብሰውት ይቅማሉ።

ካቆመ ዓመት የሆነው አባል፦ እኔ ልናገር፣ ሦስት ዓመት ቅሜያለሁ። 7 ሰዓት ሲል የጫት ሐራራው ይነሳል፤ ታዛጋለህ፣ ዓይንህ ያለቅሳል፣ እግርህ በርጫው፣ ማለት መቃሚያው፣ ወዳለበት ራሱ ይወስድሃል። ከዚያ ምርቃና፣ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የምንለው መጠጥ፣ ሌሊቱን ዱካክ የምንለው ቅዠት። ጠዋት የሚደረግ ሰልፍማ ተኝቼ ነበር የሚያልፈኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከ7 እስከ 12 ሰዓት የት እንቀመጥ? ባነሩ ላይ ያለችውንም የራስ ቅል አንሱልኝ። እኛ እኮ በሷ ነበር የምንቀልደው።

ነርሷ፦ እሱ ያለው ሰዓት ዋናው ነገር ነው። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ብለው ነበር። በ2016 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ልጆቹን በየጊዜው በመጠይቅ ጠየቁ፣ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት በስፖርትና በሙዚቃ ሞሉት፣ ወላጆችም ማታ ማታ በቡድን እየሆኑ ሰፈር ዞሩ።

ሌላው፣ «ዛሬውኑ አቁም» የሚለውን መፈክር አውጡልኝ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ለሕይወቱም ያሰጋል። እንዲህ ያለውን እኛ አናክምም። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚወስደው ሰው እንመድብ።

ገንዘብ ያዥ፦ አይስላንድ ገንዘብ አላት እኮ! ለማንኛውም ቲሸርቱን ከተውነው ለኳስ፣ ለጠረጴዛ ቴኒስና ለአሠልጣኝ ትራንስፖርት ይበቃናል። ግን ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ማን ይጫወታል? ዝናቡን ረሳችሁት።

የኮልፌው ተወካይ፦ አዳራሽ አለን፣ ሁሌ የተቆለፈ። የሰፈራችን ወጣት ማዕከል የሚከፈተው ስብሰባ ሲኖር ነው። ገንዘብ ከምንለምን ቁልፉን እንለምን።

ጸሐፊዋ፦ ይሄ ገብቶኛል። ስለ ሻጮቹስ? አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል፣ ሺሻንም ከልክሏል። ቁጥጥር ይጠናከር ብለን እንጻፍ?

ከአስኮ ክበብ፦ ሺሻውን ጻፉት፣ ምንም እንኳ ዕቃው በተወሰደ በሳምንቱ ጎን ያለው ቤት ቢከፈትም። ጫቱን ግን አንድ ላይ አትጨፍልቁት፤ ጫት በሕግ የተከለከለ አይደለም። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ጥላ ዘርግታ ጫት የምትሸጠው እናቴ ናት። ደብተር የገዛችልኝ በዚያ ነው። «ሻጮች ይነሱ» የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም።

የዕድሩ ተወካይ፦ ልጄ፣ እናትሽን ማንም አያስነሳትም። ሻጮቹን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ተዉልን፣ ቡና ጠርተን እናነጋግራቸዋለን። ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ አትሽጡ ብንላቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ እነሱም ወላጆች ናቸው።

ከአስኮ ክበብ፦ እሺ ጋሼ። በዚህ እናቴም ትስማማለች፣ ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ። ዩኒፎርሙን ቦርሳ ውስጥ ከትተው የሚመጡትን ግን እንጃ።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ ቀየርኩት፦ «የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከ7 እስከ 12 ሰዓት ክፍት እንዲሆንልንና ቁልፉ ለማኅበራችን በፊርማ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» ሰልፉን ሰርዣለሁ። «ሱሰኛ» የሚለውንም «ሱስ ያለበት ወጣት» ብዬዋለሁ። መጠይቁን ነርሷ ታዘጋጃለች፤ ስም አይጻፍበትም። አንድ ነገር ቀረ፤ ቁልፉን በየቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚከፍት ማነው?

ካቆመ ዓመት የሆነው አባል፦ እኔ። በዚያ ሰዓት ሥራ ቢኖረኝ ለኔም ይሻለኛል።