የማናውቃቸው ሰዎች የዕድራችን ዌብሳይት ላይ ለምን ይመዘገባሉ?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ካዛንቺስ የነበረ ዕድር አለን። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ብዙው ገላን ጉራ ሄደ፣ እኔና እናቴ አራት ኪሎ ተከራይተን ገባን። ድሮ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይሰማ ነበር። አሁን ማን ይሰማል? ስለዚህ ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ትንሽ ዌብሳይት ሠራሁ። የለቅሶ መልእክት፣ የመዋጮ ቀን፣ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ በቃ ይሄው ነው። አባሎቻችን 84 አባወራ ናቸው። ትናንት ማታ ገብቼ ሳይ ግን የተመዘገበው 2,317 ነው! አንዳቸውም አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። ስማቸው የማይነበብ የፊደል ክምር ነው። ለዕድሩ ዳኛ ባሳያቸው «ታዲያ እነዚህ የማን እንግዶች ናቸው?» አሉኝና መልስ አጣሁ። ከእኛ ምን ፈልገው ነው? ተጠልፈን ይሆን? የእናቶቻችን ስልክ ቁጥር እዚያ ላይ ስላለ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰርቨር ጠባቂ፦
እህቴ፣ ተጠልፋችኋል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሰው አይደሉም፣ ቦት ናቸው፤ ማለትም በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች። ዎርድፕሬስ ላይ ማንም ሰው እንዲመዘገብ የምትፈቅድ ምርጫ አለች። ሲጫን ዝግ ናት፣ አባላቱ እንዲገቡ ብለሽ አንቺው ከፍተሻት ይሆናል። የመመዝገቢያው ገጽ አድራሻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁሉም የዎርድፕሬስ ሳይት ላይ አንድ ዓይነት ነው። ቦቱ ዕድር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ አማርኛውንም አያየውም፤ ዓለምን እየዞረ ያንን በር ብቻ ይሞክራል።

ለምን ካልሽ፣ ዋናው ሊንክ ነው። ጎግል ከጅምሩ አንድን ገጽ ሲመዝን ስንት ሌላ ገጽ ወደ እሱ እንደሚያመለክት ያይ ነበር። ስለዚህ ቁማር ወይም የማይታመን መድኃኒት የሚሸጥ ሰው አድራሻውን በሺዎች ትንንሽ ሳይቶች ፕሮፋይል ላይ ይለጥፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለው ሊንክ እንዳይቆጠር «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት ተቀበሉ፤ ስፓሙ፣ ማለትም ያልተፈለገ ማስታወቂያ የመለጠፉ ነገር፣ ግን አልቆመም፣ ምክንያቱም መመዝገብ ለቦቱ ምንም አያስወጣውም። ሺህ ቦታ ከሽፎ አንድ ቦታ ከቀናው በቂው ነው።

ሌላው አካውንቱን ማስቆየት ነው። ብዙ ሳይቶች አዲስ ገቢን ይጠረጥራሉ፣ የቆየውን ያምናሉ። ዛሬ ዝም ያለው ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በዚያ ላይ አንዳንድ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ የሚገኘው የደህንነት ቀዳዳ የሚያገለግለው ውስጥ ለገባ ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ አካውንት ራሱ እንደ ቁልፍ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ስልክ ቁጥሮቹ ለተመዘገበ ሁሉ የሚታዩ ከሆነ ይሄን አንብበሽ ባትጨርሺም ግድ የለም፣ ሂጂና አሁኑኑ አውርጂያቸው። ከዚያ ምዝገባውን ዝጊ፣ ፕለጊኖቹን አድሺ፣ 84ቱን ትተሽ ሌላውን በሙሉ አጥፊ።

ቡና በጀበና፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ በእኔ ስለደረሰ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት በሺህ የሚቆጠር መልእክት። «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን»፣ በማላውቀው ቋንቋ ሁሉ። ስሰርዝ፣ ስሰርዝ፣ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ መልእክት አገኘሁ፤ ውጭ አገር ባለ የመገበያያ አካውንቴ ዕቃ ታዟል ትላለች። እኔ ያላዘዝኩት ዕቃ! ያ ሁሉ ጎርፍ የተለቀቀው እሷን እንዳላይ ነው። ኢሜይሌን በብዙ ትንንሽ ሳይቶች ያስመዘገቡት እኔን በመልእክት ለመቅበር ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ከ2,317ቱ አንዳንዱ እንደኔ ምንም የማያውቅ ሰው አድራሻ ሊሆን ይችላል። ሳይትሽ ለተመዘገበ ሁሉ ሰላምታ እየላከ ከሆነ አስቁሚው። የኢሜይል ማረጋገጫ ብቻ ይላክ፣ እሱም ቦት አለመሆኑን ከሚፈትነው ጥያቄ፣ ከካፕቻ በኋላ።

ዝምተኛው፦
ሁሉንም አጥፊ የሚለው ላይ አልስማማም። እኔ ተመዝግቤ ዝም የምል ሰው ነኝ። ፒያሳ ነው ያደግኩት። የድሮ ሰፈሬ ልጆች በከፈቱት ሳይት ላይ ከተመዘገብኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ምን እላለሁ? ግን ማታ ማታ እገባለሁ። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ የማን እናት አረፉ፣ አንብቤ እወጣለሁ። ስሜ ከነሱ ጋር እንዲቆጠር ስለፈለግኩ ነው የተመዘገብኩት። ያንን አካውንት ቢሰርዙብኝ በጣም ይከፋኛል። ደግሞ ካፕቻው እናቶችን ያስቸግራል፤ በአማርኛ ጥያቄ ጠይቂ። ድንኳኑ ድሮ የሚቀመጠው በማን ግቢ ነበር ብትዪ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ቦት ግን ከየት ያመጣዋል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስልክ ቁጥሮቹን ያኔውኑ አወረድኩ። ለተመዘገበ ሁሉ ይታዩ ነበር፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ለእያንዳንዱ አባል ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ የማያውቁት ሰው ገንዘብ ላኩ ብሎ ቢደውልላቸው እንዲጠነቀቁ። ምዝገባው ተዘግቷል፣ የድንኳኑን ጥያቄ አስገብቼ እከፍተዋለሁ።

ዝርዝሩን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው። አንዱ የጂሜይል አድራሻ ነጥቡ ብቻ እየተቀያየረ አርባ ጊዜ ተመዝግቧል፤ ጂሜይል ነጥቡን ስለማይቆጥረው ሁሉም የአንድ ሰው ነው። እንዲህ እያልን ስንሰርዝ አባል ያልሆነ ግን የሰው ስም የሚመስል ዘጠኝ ቀረ። ለዘጠኙም ጻፍኩ። እስካሁን የመለሰችው አንዷ ናት። የጎረቤታችን ልጅ ነች፣ ቤይሩት ነው ያለችው። እናቷ ገላን ጉራ ናቸው፣ ኢንተርኔት አይጠቀሙም። ለቅሶ በወጣ ቁጥር እሷ ከዚያ አንብባ ትደውልላቸዋለች። እኛ ደግሞ እኚያ እናት ሁሌ ቀድመው ድንኳኑ ስር የሚገኙት ከማን እየሰሙ ነው እንል ነበር።