የአባቴ የቆዳ ናሙና ድጋሚ ይወሰድ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነኝ። አባቴ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ከ4 ዓመት በፊት ዳሌውና ጭኑ ላይ፣ ፀሐይ በማያየው ቦታ፣ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ወጣበት። መጀመሪያ ቋቁቻ ተባለ፣ ቀጥሎ ችፌ። ቅባት ሲቀባ ይከስማል፣ ሲተው ይመለሳል። አሁን አንዳንዱ ወፍሯል። ሌሊት እከኩ አላስተኛ ሲለው ተነስቶ ዳሌውን ከበሩ መቃን ጋር ሲያሽ አገኘዋለሁ።

በቅርቡ ያየችው የቆዳ ሐኪም «ማይኮሲስ ፈንጎይደስ» ጠረጠረች። ፈንገስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር! ለካ የቆዳ ሊምፎማ ነው፣ ቲ ሴል ከሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር፤ እብጠቱ እንጉዳይ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት።

ናሙና ተወስዶ «አያረጋግጥም» የሚል ውጤት መጣ። እሱ ግን የስቴሮይድ ቅባቱን እስከዚያው ጠዋት ድረስ ይቀባ ነበር። ውጤቱን ሊያደበዝዝ እንደሚችል የነገረን ሰው የለም።

ቅባቱን ስንት ሳምንት አቁሞ፣ ከስንት ቦታ ነው ድጋሚ ናሙና የሚሰጠው? የቲ ሴል ዓይነት የሚለየው ምርመራ እዚህ ይሠራል ወይስ የናሙናውን ብሎክ (በሰም ተደርጎ የተቀመጠውን የቆዳ ቁራጭ) ይዤ አዲስ አበባ ልሂድ? ከተረጋገጠ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምናው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ለወራት ነው አሉ። አዲስ አበባ ዘመድ የለንም። እሱማ «ፀሐይ ከሆነ ጣና ላይ ሞልቶኛል» ይላል። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።