ስታር ዋርስን ለልጅ ከየትኛው ክፍል እንጀምር?

ጠያቂው አባት፣ አዲስ አበባ
ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት። እኔ ስታር ዋርስን፣ ያንን የጠፈር ተከታታይ ፊልም፣ ያየሁት በእሷ ዕድሜ ነበር። ካሴቱን አጎቴ ከውጭ አመጣው፣ ዴኩ የጎረቤት ነበር። እንግሊዝኛው ስለማይገባን አጎቴ እየተረጎመልን ነው የጨረስነው። አሁን ተራው የእሷ ነው፤ ግን እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም።

ለማታውቁት፦ መጀመሪያ የወጡት ሦስቱ (1977፣ 1980፣ 1983) በታሪኩ 4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ ክፍል ናቸው። በ1999፣ በ2002 እና በ2005 የወጡት ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው 1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ሆኑ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ባለቤቴ «ታሪኩ ከሚጀምርበት ጀምርላት» ትላለች። እኔ ደግሞ እኔ ባየሁበት መንገድ እንድታየው እፈልጋለሁ። ማን ልክ ነው?

የሁለት ወንዶች እናት፣ ሜሪላንድ
ባለቤትህ ልክ ናት። ተረት ከመሃል አይጀመርም። «ተረት ተረት» ብለን «የላም በረት» ከተባልን በኋላ ከመጀመሪያው ነው የምንነግራቸው። የ1999ኙን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ለልጅ ግን በጣም ደስ ይላል። አክተሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው! ትልቁ ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያ የበራሪ መኪና ውድድር ትዕይንት ሲመጣ ከሶፋው ላይ ተነስቶ ቆሞ ነው ያየው። እኔ ያደግኩት በ1977ቱ ነው፤ እሱ ግን ራሱን ያየው እዚያኛው ላይ ነው።

ፊልም አርታኢ፣ አዲስ አበባ
እህቴ፣ በዚህ አልስማማም። ከ1ኛው ከጀመረች ትልቁን ነገር ትቀማለች። በ1977ቱ ፊልም ሽማግሌው ኦቢ ዋን ለዋናው ወጣት ለሉክ «አባትህን የገደለው ዳርዝ ቬደር ነው» ይለዋል፤ ቬደር ጥቁር ለባሹ ባለ ጭምብል ክፉ ሰው ነው። ተመልካቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አምኖ ኖረ። በ1980 ቬደር ራሱ «አባትህ እኔ ነኝ» አለ።

ይህን ምስጢር ለመጠበቅ ምን ያህል እንደተለፋ ልንገራችሁ። ጭምብሉን ለብሶ ለሚጫወተው ተዋናይ የተሰጠው ጽሑፍ የውሸት ነበር። በቀረጻው ላይ የተናገረው «አባትህን የገደለው ኦቢ ዋን ነው» የሚል ነው። ሉክን የሚጫወተው ማርክ ሃሚል እውነቱ የተነገረው ሊቀረጽ ሲል ነው። ትክክለኛው ቃል በኋላ በጄምስ ኧርል ጆንስ ድምፅ ገባ። ወንድሜ፣ ልጅህ ይህን ድምፅ ታውቀው ይሆናል፤ በ1994ቱ «ላየን ኪንግ» የሙፋሳ ድምፅ እሱ ነው። ያ የሚወደድ አባት በዚያው ድምፅ ይህን ሲናገር አስበው!

እውነት ይሁን ውሸት ለማወቅ ሰው እስከ 1983 ሌላ ሦስት ዓመት ጠበቀ። 1ኛውን፣ 2ኛውን እና 3ኛውን ካየች በኋላ ይህ ሁሉ አሮጌ ዜና ነው።

የሁለት ወንዶች እናት
ዛሬ ይህን የማያውቅ ልጅ የት አለ? ቲሸርት ላይ፣ መጫወቻ ላይ፣ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው አፍ ላይ ነው። ደግሞ ማወቁ ነገሩን አላበላሸብንም። የኔ ልጅ እያወቀ ነው ያየው። ቬደርና ሉክ በተፋለሙ ቁጥር «ንገረው! ልጅህ ነው፣ ንገረው!» እያለ ይጮህ ነበር። እኔ በልጅነቴ ደነገጥኩ፣ እሱ ደግሞ ተጨነቀ። የሱ ጭንቀት ከኔ ድንጋጤ ያንሳል የሚለኝ ካለ አልቀበልም።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፣ ሐዋሳ
ስለ ምስጢሩ ስትከራከሩ የልጅቷን ዕድሜ ረሳችሁት። ሰባት ዓመቷ ነው! በታሪኩ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ሦስተኛው ላይ የምትደርሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የ2005ቱ ፊልም በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚል ምልክት የተሰጠው ከተከታታዩ የመጀመሪያው ነው። ምክንያት አለው። ሁለት ፊልም ሙሉ የወደደችው አናኪን፣ ያ የ1999ኙ ልጅ በኋላ ቬደር የሚሆነው፣ ሰይፉን ይዞ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ይገባል። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ በእሳት ይቃጠላል። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማታ አሳይታችሁ እንዴት ታስተኟታላችሁ?

በወጡበት ቅደም ተከተል ከሆነ ግን 1983 ላይ አባትና ልጅ ይታረቃሉ። እዚያ ማቆም ይቻላል። የቀረውን አሥራ ሁለት ሲሞላት ታየዋለች።

የሁለት ወንዶች እናት
ይህን እቀበላለሁ። የኔዎቹ ሦስተኛውን ያዩት ቆይተው ነው፤ ዘጠኝና አሥራ አንድ ነበሩ። ለትንሹ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑን ሸፍኜለታለሁ።

ጡረተኛ አባት፣ ደሴ
ስታር ዋርስን አላየሁም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በወጣትነቴ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቼ ያየሁት የህንድ ፊልም ነበር። ወንዱ ልጄ ስምንት ሲሞላው አስቀምጬ አሳየሁት። ዘፈኑ ሲመጣ ፊቱን አያለሁ፣ እናቲቱ ስታለቅስ ፊቱን አያለሁ። ሲያልቅ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አባዬ፣ ደስ ብሎኛል፤ አንተ ደስ አለህ?» ልጁ ለካ ፊልሙን አላየም። እኔን ሲጠብቅ ነው ያመሸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጄ፣ ከየትኛውም ጀምር፤ ብቻ ፊቷን አትይ። ከሰለቻት ተነስታ ትሂድ።

ጠያቂው አባት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ እኔን ነው። ከአሁኑ የት ላይ እንደምትስቅ እያሰላሁ ነበር።

ትናንት በ1977ቱ ጀመርን። የወሰንነው በመምህርቷ ምክንያት ነው፤ ባለቤቴም በዚያ ተስማማች። እኔ ከልጄ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ተቀመጥኩ። እኔን በልጅነቴ ያስፈነጠዘኝ የመጨረሻው የጠፈር ውጊያ ላይ ተነስታ ውኃ ልትጠጣ ሄደች። ዝም አልኩ። የወደደችው አሮጌ ዕቃ ለቃሚዎቹን ትንንሽ ባለ ቆብ ፍጥረቶች ነው፤ እኔ ረስቻቸው ነበር።

ከዚያ ስትተኛ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ጥቁሩ ሰውዬ ፊቱን ለምንድን ነው የሸፈነው?» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «እኔም ልጅ ሆኜ ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት» አልኳትና መብራቱን አጠፋሁ። የ1980ውን ቅዳሜ እናየዋለን።