«መፈክር»፣ «መሪ ቃል» እና «የአፍ ማሟሻ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ የሚደጋገመውን አጭር ሐረግ አንዱ ጋዜጣ «መፈክር»፣ ሌላው «መሪ ቃል» ይለዋል። አንድ ናቸው? «እጩ»ንም አያይዛችሁ ብትፈቱልኝ።

ብራና፦ አንድ አይደሉም። አብሯቸው የሚሄደውን ግስ እይ። «መፈክር አሰማ» እንላለን፣ «መሪ ቃል አሰማ» ግን አይባልም። መሪ ቃል ከመድረኩ ጀርባ ተጽፎ ይሰቀላል፤ በዜናም «…በሚል መሪ ቃል» ተብሎ ያልፋል። መፈክር ግን አውጪና ተቀባይ ይፈልጋል።

ሥሩን ካነሳን፣ በግእዝ «ፈከረ» ማለት ተረጎመ፣ ፈታ ነው፤ «መፈክረ ሕልም» ሕልም ፈቺ። ከፈቺነት ወደ ጩኸት የተሻገረው «ፎከረ» በጉርብትና ስቦት ይመስለኛል።

«እጩ» ከ«አጨ» ነው፣ የ«እጮኛ» ዘመድ። ታጨ እንጂ ገና አልተዳረም። ስለዚህ ውጤቱ ከታወጀ በኋላ አሸናፊውን «እጩ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ «ተመራጭ» ነው።

ሸማ ተራ፦ ጋሼ ብራና ጥሩ ብለዋል። እኔ ሰዋስዉን ልጨምር። «መሬት ላራሹ» (1957) ግስ የለውም፤ ሰጪው ማን እንደሆነ አይናገርም፣ ተቀባዩን ግን በአንድ «ለ» ለይቶ ያስቀምጣል። አምስት ቀለም ብቻ ስለሆነ እየተራመዱ ለመጮኽ ይመቻል። «ኢትዮጵያ ትቅደም» (1966) ደግሞ በትእዛዝ አንቀጽ የቆመ ነው፤ ማን እንደሚያስቀድማት አይታወቅም። «ያለምንም ደም» የሚለው ሲታከልበት ግን ሊፈተን የሚችል ቃል ገባ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስልሳውን ባለሥልጣናት ሲረሽን ያ ክፍል አበቃለት። «ትቅደም» ብቻውን ቀጠለ። ቅድመ ሁኔታ ያለበት መፈክር የሚሰበረው ቅድመ ሁኔታው ላይ ነው።

በ2010 የመጣው «መደመር» አርእስት (የግስ ስም) ነው፤ ባለቤትም ጊዜም የለውም፣ እንደ ልብ ይለጠጣል። ችግሩ ከሂሳብ መወሰዱ ነው። ተቃራኒው ሁሉም ሰው አፍ ላይ አለ፤ «መቀነስ»ም «ማካፈል»ም ወዲያው ለቀልድ ደረሱ። መፈክር ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ባላንጣ እንዴት እንደሚያጣምመው ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ አንድ ባነር ላይ «ሕዝብ ይሰማል» ሊጻፍ ነው። ምን ትላላችሁ?

ላልቶ ጠብቆ፦ ይቅር! ፊደላችን ማጥበቅ አያሳይም። «ሰ» ሲላላ ሕዝብ አዳማጭ ነው፤ ሲጠብቅ ሕዝብ ተደማጭ ነው። እጩው የፈለገው ሁለተኛውን ይሆናል፣ መንገደኛው ግን «ዝም ብለህ ስማ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ድምፃችን ይሰማ» ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ድምፅ ራሱ ስለማያዳምጥ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ለዚህኛው «ሕዝብ ይደመጣል» በሉት፤ አድራጊው «ያደምጣል» ስለሆነ በጽሑፍም አይምታታም። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን አይተው ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ስጡና ጮኽ ብለው ያንብቡት። አንዱ እንኳ አላልቶ ካነበበው ቀይሩት።

ሸማ ተራ፦ «ገጽታ»ስ? «ገጽታ ግንባታ» ለእጩ ሲባል የሚሠራው የሚታየው ነው፦ ፎቶው፣ ልብሱ፣ ምልክቱ። «ስብዕና» የውስጥ ነው፣ አይገነባልህም። ገጽታ ይጠለሻል፣ ስም ይጠፋል፤ «ስም ማጥፋት» የሕግ ቃል ስለሆነ ሁለቱን አታቀላቅል።

ስለ ምልክት ደግሞ የ1997ን ምርጫ ማስታወስ ይበቃል። ገዥው ኢሕአዴግ ንብ፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ሁለት ጣት። ንብ መታተም አለባት፤ ሁለት ጣት ግን ወረቀትም ቀለምም አይፈልግም። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣው ሰው ሁሉ ምልክቱን እጁ ላይ ይዞት ነበር። ንብ ደግሞ ማርም አላት መርፌም፤ ደጋፊ አንዱን፣ ተቃዋሚ ሌላውን ያነሳል።

ብራና፦ «የአፍ ማሟሻ» ቀርቷል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው፣ ዋናው ንግግር ከመጋገሩ በፊት አፍን የሚያሟሽ ቃል ነው። መፈክር አርጅቶ ፍሬ ነገር ሳይኖረው በየንግግሩ መግቢያ ሲደገም ይህን ስም ያገኛል። ስድብ ባይሆንም ምስጋናም አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ «አራት ኪሎ ገባ» ለውጭ አንባቢ እንዴት ይፈታል?

ላልቶ ጠብቆ፦ «ሥልጣን ያዘ» ብለህ ፍታው፤ ፓርላማውም ቤተ መንግሥቱም እዚያው ስለሆኑ ነው። ግን አውዱን እይ፦ ከፒያሳ በታክሲ የመጣ ሰውም አራት ኪሎ ይገባል።