ዱውላ ለጥቁር እናቶች የምታደርገው እገዛ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሟ በአሜሪካ የጥቁር እናቶች ሞት ከፍተኛ መሆኑን ጠቅሳ ዱውላ፣ ማለትም በወሊድ ጊዜ አጠገቧ ሆና የምትደግፋት ሴት፣ እንድትይዝ መክራታለች (ከምናውቀው ዱላ ጋር እንዳይምታታ እንዲህ ጽፌዋለሁ)። እህቴ የተማረችና የጤና መድን ያላት በመሆኗ ነገሩ እሷን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር። ዱውላ ከአዋላጅ በምን ትለያለች? ሐኪም ያልሆነች ሴትስ ምን ልትፈይድ ትችላለች?

አዋላጅ ነርስ፦ እህቴ፣ ሐኪሟ የሰጠቻት ምክር ትክክል ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 50.3 ጥቁር እናቶች ሲሞቱ የነጭ እናቶች ቁጥር 14.5 ነበር። ትምህርትም ሆነ ገንዘብ ከዚህ አያስጥልም፤ ዝነኛዋ የቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወለደች በኋላ ሳንባዋ ውስጥ ደም መርጋቱ የታወቀው ምርመራ እንዲደረግላት ራሷ አጥብቃ ከጠየቀች በኋላ ነው። ዱውላ አታዋልድም፣ አትመረምርም፣ መድኃኒትም አታዝም። ሥራዋ ምጡ ከተጀመረ አንስቶ ከእናቲቱ አለመለየት፣ ሕመሙን የሚያቀልሉ አቀማመጦችን ማሳየትና ምጥ ላይ ያለች ሴት ለመናገር አቅም ባጣች ሰዓት ሐኪሞቹ እንዲያዳምጧት ማድረግ ነው። እኔ በሥራዬ እንዳየሁት፣ ፈረቃ ሲቀየር እኛ ወጥተን ስንሄድ ዱውላዋ አጠገቧ ትቀራለች። እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድል እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል።

አንዲት እናት፦ እኔን ዱውላዬ ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ ከወለድኩ በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን ራሴን ክፉኛ አመመኝና ስደውል የእንቅልፍ ማጣት ነው ተብዬ ነበር። ልትጠይቀኝ የመጣችው ዱውላ ግን የደም ግፊቴን ሳልለካ እንዳላድር አስጠንቅቃ ከባለቤቴ ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል ላከችን፤ ግፊቴም በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ አስተኝተው አከሙኝ። አራስ ሴት የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲሰማት ችላ ማለት እንደሌለባት ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ሌላ መላሽ፦ በሜሪላንድ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱውላ ክፍያ ይሸፍናል፤ የግል መድን ከሆነ ግን ኩባንያውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በዱውላዋ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ የእናቲቱን ቃል አምኖ ፈጥኖ መመርመር የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። እህትዎ ለምጥ ስትገባ ዱውላዋ ከባለቤቷ በተጨማሪ አብራት መግባት ትችል እንደሆነ ሆስፒታሉን ከወዲሁ ይጠይቁ።